አክስቴ ልጇን በሙቀቷ የጠራችበት ሰሞን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ መስቀል አልፎ ገበያው ቀዝቀዝ ባለበት ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ልቅሶ ቤት ተቀምጬ ሰዎች «እናትየዋ እንዴት ተረዳች?» እያሉ ሲጠያየቁ ስሰማ፣ ውሃ ልቅዳ ብዬ እነሳለሁ። ለማንም በአፌ አውርቼው አላውቅም። ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም፤ ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ነኝ። ስጽፈው ግን ማንም ፊቴን አያየኝም ብዬ ነው ዛሬ የጀመርኩት።

የምኖረው ሆሳዕና ነው፤ ከአክስቴ ከታደለች ጋር። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። ከገጠር ያመጣችኝ ልታስተምረኝ ነበር። ስድስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ ባሏ ሞተ፤ ሥራው ሁሉ እሷ ላይ ወደቀ። እኔም ትምህርቱን ትቼ አብሬያት ገበያ መዋል ጀመርኩ። ቅቤ ነጋዴዎች ነን። የገጠር ሴቶች በእንሰት ቅጠል ጠቅልለው የሚያመጡትን እንገዛለን፤ ለጋውን ከበሰለው ለይተን እንሸጣለን። ትዕዛዝ ሲኖር ደግሞ አንጥረን ደቡብ አፍሪካ ለሚሄድ መንገደኛ እናስይዛለን። እኛ ከተማ ልጁ ወይ ወንድሙ ወይ የጎረቤቱ ልጅ ደቡብ አፍሪካ የሌለ ሰው ማግኘት ይከብዳል።

የአክስቴም አንድ ልጇ እዚያ ነበረች። መሰረት ትባላለች። ያገባችው ዳንኤል የሚባል የአንጋጫ ልጅ ነው፤ እዚያ አነስተኛ ሱቅ ነበራቸው። መሰረት እኔን እንደ ታናሽ እህቷ ነበር የምታየኝ። ለእናቷ ልብስ ስትልክ ለእኔም አብራ ትልክ ነበር።

አክስቴን አንድ ነገር ጀመራት። ገበያ መሃል ደህና ተቀምጣ ሳለች ድንገት ፊቷ ይቀላል፤ ከደረቷ እስከ አናቷ ሙቀት ይወራታል፤ ላብ ያጠምቃታል። ነጠላዋን ትጥልና በእንሰት ቅጠል ታራግባለች። ከእንቅልፏ ስትነሳ አንሶላዋ ርሶ ነው የምናገኘው። ልቧም ድው ድው ይላል። ፈራች። ሐኪም ዘንድ ስንሄድ አብሬያት ገባሁ። ሐኪሟ ልቧንም ደሟንም አይታ ደህና እንደሆነች፣ ያለችበት የማረጥ ዕድሜ እንደሆነ፣ የወር አበባ ሲቋረጥ ብዙ ሴት ላይ እንዲህ ያለ ሙቀት እንደሚመጣ ነገረቻት። እኔ እፎይ አልኩ። አክስቴ ግን አፈረች። ገና ከበሩ ሳንወጣ «ለሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ። ለገዛ እህቷ፣ ለእናቴ እንኳ አልነገረቻትም።

ለመሰረት የነገርኳት እኔ ነኝ። እሷም ጥቂት ቆይታ በመንገደኛ አንድ የእጅ ሰዓት ላከች።

ሰዓት ይመስላል እንጂ ሰዓት ብቻ አይደለም። መሰረት እንዳስረዳችኝ በዚህ ዕድሜ ላሉ ሴቶች ተብሎ የተሠራ ነው። ከውስጥ በኩል ቆዳ የሚነካ ትንሽ ብረት አለው። ሙቀቱ ሲነሳባት ብረቱ ይቀዘቅዝና የእጇን አንጓ ያበርድላታል። ሙቀቷን፣ ላቧንና የልቧን ምት እየለካም ወደ ስልኳ ይልካል፤ ከዚያ በኢንተርኔት መሰረት ስልክ ላይ ይታያል። ሙቀቱ ሲበዛ የመሰረት ስልክ ይጮሃል። ስልኩ ላይ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ መሰረት እዚያ ሆና «አሁን ይቺን ንኪ፣ አሁን ያቺን» እያለችኝ። አክስቴ ማንበብ አትችልም። አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ብቻ አሳየኋት። ነጥቧ ከበራች እየተላከ ነው፤ ከጠፋች ኔትወርክ የለም ማለት ነው። ቅቤ እየመዘነች እንኳ ስልኩን ገልጣ ያቺን ነጥብ ታይ ነበር።

ገበያ ላይ ቀለዱባት። አጠገባችን ቅመም የምትሸጥ ፋጡማ የምትባል የጉራጌ ሴት አለች፤ አፏ አያርፍም። «ታደለች፣ ስንት ሰዓት ሆነ?» ትላታለች፤ አክስቴ ሰዓቱን ማንበብ እንደማትችል እያወቀች። «እኛ ፀሐይ አይተን ቤታችን እንገባለን። አንቺ በዚያ አስልተሽ ከእኛ ቀድመሽ የት ደረስሽ?» ሴቶቹ ሳቁ፤ አክስቴም ሳቀች። ግን የምን እንደሆነ ደጋግመው ሲጠይቋት ጨነቃት። «የልብ ነው» አለች። «ልቤን ሲያመኝ ጊዜ ልጄ የላከችልኝ ነው፤ ምቱን የሚጠብቅልኝ።»

ሳቁ ያኔውኑ ቆመ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ማንም አልቀለደባትም። ፋጡማ ራሷ ዕቃ እንዳታነሳ ትከለክላት ጀመር። ቤተ ክርስቲያንም ስለ ልቧ ተጸለየላት፤ አክስቴ ዓይኗን ጨፍና «አሜን» አለች። ቤት ስንገባ ሳላናግራት «ምን ልበላቸው ታዲያ?» አለችኝ።

የሰዓቱ ጥቅም ማቀዝቀዙ ብቻ አልነበረም። መሰረት ድሮ የምትደውለው ሱቅ ሲዘጋ፣ ሲመቻት ነበር። ሰዓቱ ከመጣ በኋላ ግን ስልኳ በጮኸ ቁጥር ትደውላለች።

«እማ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ነካሽ? ጠበስሽኝ እኮ» ትላታለች።

«ቅቤ እያነጠርኩ ነው» ትላለች አክስቴ።

«አንቺ እሳት ዳር ተቀምጠሽ እኔን እዚህ ላብ አጠመቀኝ። ውጪ ከዚያ፣ በላይነሽ ታንጥረው።»

በላይነሽ እኔ ነኝ። ይሳሳቃሉ፤ የሱቁን ወሬ፣ የገበያውን ወሬ ያወራሉ። አክስቴ ያን የምትጠላውን ሙቀት መውደድ ጀምራ ነበር ብል አልዋሸሁም።

አንድ ረፋድ ጋሽ ሄራሞ ገበያ መጡ። የአክስቴ ባል ታላቅ ወንድም ናቸው፤ የቤተሰቡ ነገር ሁሉ በእሳቸው ነው የሚወሰነው። አክስቴ ቅቤ ከሚያመጡት ሴቶች ልትገዛ ወደ ታች ወርዳ ነበር። ጋሽ ሄራሞ ወደ ጎን ጠሩኝና «እንዳትጮሂ» አሉኝ።

መሰረት ለሱቃቸው ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ የተሳፈረችበት መኪና ተገልብጦ ሞታለች። አስከሬኗን ወደ አገር ለመላክ ዳንኤል እየተሯሯጠ ነው። እስኪመጣ ድረስ አክስቴ መስማት የለባትም። ስልኳን እኔ እንድጠብቅ፣ የማላውቀው ሰው ሲደውል እኔ እንዳነሳ አዘዙኝ። «ልቧን እንደሚያማት ታውቂያለሽ» አሉኝ። አንገቴን ደፋሁ። በዚያች ደቂቃ ስለ ሰዓቱም ስለ ልቧም ማሰብ አልቻልኩም። መሰረት፣ መሰረት ብቻ ነበር ራሴ ውስጥ የነበረው። አክስቴ ቅቤውን ተሸክማ ስትመጣ ፊቴን በቅጠሉ ክምር ላይ አቀርቅሬ የምሠራ መሰልኩ።

እኛ ዘንድ ሰው ውጭ አገር ሲሞት ለእናት ወዲያው አይነገራትም። ሽማግሌዎች ይመክራሉ፤ ዘመድ ይጠራራል፤ አስከሬኑ ሊገባ ሲል ማለዳ ተሰብስበው በሯ ላይ ይቆማሉ። እስከዚያ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ የማታውቀው እናት ብቻ ናት። ፋጡማ በማግሥቱ ኮረሪማና ነጭ አዝሙድ በወረቀት ጠቅልላ ለአክስቴ ሰጠቻትና ገንዘብ አልቀበልም አለች። አክስቴ ተገርማ «ይቺ ሴትዮ ዛሬ ምን ነካት?» አለችኝ። ፋጡማ ጀርባዋን ሰጥታን ነበር፤ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት።

ዳንኤልም እንደተነገረው አደረገ። ደውሎ፣ መሰረት ዕቃ ልታመጣ ሩቅ ገጠር ሄዳለች፤ እዚያ ኔትወርክ የለም፤ ስትመለስ ትደውላለች አላት። ድምፁ የታመመ ሰው ድምፅ ነበር። አክስቴ «ጉንፋን ይዞሃል፤ ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ» አለችው። ከዚያ «እሺ እማማ» አለና ዘጋው።

ከዚያ ወዲያ ነው አክስቴ ቅቤ ማንጠር ያበዛችው።

መስቀል አልፏል፤ ትዕዛዝ የለንም። እሷ ግን ከገበያ ቀደም ብላ እየገባች እሳት ታነዳለች። ማን እንዳዘዘ ስጠይቃት «ማንም» አለችኝ። በማግሥቱ ያንኑ የነጠረውን ቅቤ መልሳ ጣደችው። የነጠረ ቅቤ ድጋሚ እሳት ሲነካው ጣዕሙ እንደሚበላሽ ያስተማረችኝ ራሷ ናት። ግራ ገባኝ። ቆየት ብዬ ወደ ማድ ቤት ስገባ ጠራራ ፀሐይ ላይ በሩን ዘግታ፣ ጋቢ ደርባ፣ ሰዓት ያሰረችበትን እጇን ወደ ምድጃው ዘርግታ ተቀምጣለች። ላቡ ከአገጯ ይንጠባጠባል። ስልኩ ጉልበቷ ላይ ነው፤ ነጥቧን ታያለች።

ምን እያደረገች እንደሆነ ጠየቅኳት።

«ኔትወርክ ለአፍታ እንኳ ቢመጣላት ይሄ ይደርሳታል» አለችኝ። «በጣም እንደበዛብኝ ስታይ ከየትም ፈልጋ ትደውላለች። በዚህ ዝም ብላኝ አታውቅም።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። እሳቱ ሊበርድ ሲል «እንጨት ጨምሪ» አለችኝ። ጨመርኩ።

በማግሥቱም እንዲሁ ዋለች። ከዚያም በኋላ። የእጇ ቆዳ ቀላ፤ ከንፈሯ ደረቀ። ነጥቧ አረንጓዴ ናት። «ከእኛ በኩልስ ይሄዳል» ትላለች ለራሷ። «ታዲያ ለምን አትደውልም?» አንድ ጊዜ ደግሞ «ተቀይማኝ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። መሰረት ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል አክስቴ ገዢ መጥቶባት ቶሎ ዘግታባት ነበር፤ ያን አሰበች። «ልትነግረኝ የፈለገችው ነገር ነበራት። አላስጨረስኳትም» አለች።

አስከሬኑ በሚቀጥለው ቀን አዲስ አበባ እንደሚገባ የተሰማ ዕለት ጋሽ ሄራሞ ግቢ ውስጥ ወንዶቹ ተሰበሰቡ። የቤተ ክርስቲያናችን መጋቢ አሉ፤ ከአንጋጫ የዳንኤል አባት መጥተዋል፤ ከዳምቦያ አንድ የዘመድ ሽማግሌ መጥተዋል፤ ሌሎችም። እኔ አክስቴ እንዴት እንደሆነች እንድናገር ተጠርቼ ነበር። ማንም ሳይጠይቀኝ ምግብ ቀረበና እጅ ማስታጠብ ያዝኩ።

ያን ጊዜ ነው ውሳኔያቸውን የሰማሁት። ያገባች ሴት የምትቀበረው በባሏ አገር ስለሆነ አስከሬኑ ከአዲስ አበባ በቀጥታ አንጋጫ ይገባል፤ እዚያ ይቀበራል። ለአክስቴ ግን ከቀብሩ በፊት አይነገራትም። በሣልስቱ፣ ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ፣ ነርስ ይዘው ሄደው ይነግሯታል።

«ልቧ በማሽን የሚጠበቅን ሴት መቃብር አፋፍ ላይ ልናቆም ነው?» አሉ የዳንኤል አባት። «ባንድ ቀን ሁለት አስከሬን ልናወጣ?»

ሁሉም ተስማሙ። ክፉ ሰዎች ስለሆኑ አይደለም። ሊያድኗት ነው።

እኔ ማስታጠቢያውን እንደያዝኩ ቆሜያለሁ። አክስቴ በዚያች ሰዓት ቤት ውስጥ እሳት ዳር እንደተቀመጠች አውቃለሁ። ልጇ አጠገቧ ባለ አገር ስትቀበር እሷ እጇን ለምድጃ ዘርግታ ስልክ ልትጠብቅ ነው። እሷ ያፈረችበት አንድ ቃል ነው ይህን ሁሉ ያመጣው፤ እውነቱን ደግሞ እዚያ ካለን ሰዎች እኔ ብቻ ነኝ የማውቀው።

«የልብ አይደለም» አልኩ። ድምፄ አልወጣም መሰለኝ፤ ጋሽ ሄራሞ «ምን አልሽ?» አሉኝ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ሰዓቱ የልብ አይደለም። ልቧ ደህና ነው። ሐኪም ቤት አብሬያት ገብቻለሁ፤ ሐኪሟ ስትነግራት ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ የምንድን ነው?»

«የሴት ነው» አልኩ። አልገባቸውም። እናቴ ፊት እንኳ ስሙን ጠርቼው የማላውቀውን ነገር መጋቢው ባሉበት መናገር ነበረብኝ። መሬት መሬት እያየሁ «የወር አበባዋ ቆሞ ነው። በዚህ ምክንያት ሙቀት ይነሳባታል። ሰዓቱ ለእሱ ነው። መናገሩ አሳፍሯት ነው የልብ ነው ያለችው» አልኩ።

ከማስታጠቢያው ውሃ እየፈሰሰ እግሬን ሲያርሰኝ ነው መዘንበሉን ያወቅኩት። ከዳምቦያ የመጡት ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እኔ ቤት ያለችውስ ሰዓት ሳይኖራት ነው ስታቃጥለን የከረመችው» አሉ። አንድ ሁለት ሰዎች ፈገግ ሊሉ ጀመሩና ተዉት። ሽማግሌው ያን ያሉት እኔን ከዚያ ሀፍረት ሊያወጡኝ ይመስለኛል፤ እስካሁን አመሰግናቸዋለሁ።

«የልጇ ቀብር ላይ ትገኝ» አልኩ።

ጋሽ ሄራሞ «እርግጠኛ ነሽ? አንድ ነገር ብትሆን በአንቺ ነው» አሉኝ።

«በእኔ ይሁን» አልኩ።

ከዚያ ማስታጠቢያውን አስቀምጬ ወደ ጓሮ ወጣሁና እንሰቱ ሥር ተቀመጥኩ።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቤታችን መጡ። በሩን ቀስ ብዬ የከፈትኩላቸው እኔ ነኝ። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከኋላ። ፋጡማም ከመካከላቸው ነበረች። የሰው ኮቴ የሰማችው አክስቴ ጋቢዋን እየጎተተች ወጣች። ደጃፉ ላይ ቆማ አንድ በአንድ አየቻቸው። እዚህ አገር በማለዳ በርህ ላይ እንዲህ ያለ ሰው ካየህ ነጋሪ አያስፈልግህም።

«መሰረት ናት» አለች። እየጠየቀች አልነበረም።

ጋሽ ሄራሞ አዎ አሏት።

መሬት ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ነው ለቅሶው የተነሳው። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ማልቀስ አልቻልኩም፤ ደረቷን፣ ደረቷን ብቻ እያየሁ ነበር፤ ትተነፍሳለች ወይስ ቆመ እያልኩ። በእኔ ይሁን ብዬ ነበርና። ልቧ አልቆመም። እኔ ለዚህ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፤ እሷ ግን ከዚያ በኋላ አንድ ቀን «ምነው እውነትም የልብ በሽታ በሆነ» ስትል ሰምቻታለሁ።

አንጋጫ የደረስነው አስከሬኑ ከመግባቱ ጥቂት ቀደም ብለን ነው። ሳጥኑ የታሸገ ነበር፤ አይከፈትም አሉ። አክስቴ አልለመነችም። ብቻ «ራሷ በየት በኩል ነው?» ብላ ጠየቀች። ዳንኤል አሳያት። በዚያ በኩል ሄዳ ጉንጯን ሳጥኑ ላይ አስደግፋ ቆየች። ሴቶቹ ሊያነሷት ሲሉ ጋሽ ሄራሞ «ተዉአት» አሉ። መቃብሩ ሲሞላም አፈር በእጇ አልብሳታለች። ማንም ሳይደግፋት ቆማ ነበር።

ዳንኤል የተናገረው በሣልስቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ሰው ቀለል ሲል መጥቶ እግሯ ሥር ተንበረከከ። ከኮቱ ኪስ የመሰረትን ስልክ አወጣ።

«እማማ፣ ይሄ እኔ ጋ ነበር» አላት። «ቀን ቀን ይጮህ ነበር። ሲቆም ይጀምራል፣ ሲቆም ይጀምራል። የእርስዎ ስም ነው የሚመጣው። አስከሬኗን ልቀበል በር ላይ ቆሜ እንኳ ጮኋል። እንዳልመልስልዎ የሚነሳ ስልክ አይደለም። እንዳላጠፋው እጄ እምቢ አለኝ።»

አክስቴ ስልኩን ተቀብላ አየችው። ከዚያ እሱን አየችው።

«ደርሶ ነበር ማለት ነው?» አለችው።

«ደርሶ ነበር።»

ራሱን ጉልበቷ ላይ አስተኛችው። ያን ጊዜ ነው እኔ ማልቀስ የቻልኩት።

ወደ ሆሳዕና ተመልሰን፣ ለቀስተኛው ሁሉ ወደየቤቱ ከሄደ በኋላ አንድ ከሰዓት ላይ ቡላ እያሰጣን ሳለን ድንገት አነሳችው። ለወንዶቹ ምን ብዬ እንደነገርኳቸው ሰምታለች፤ በዚያ አልተቀየመችኝም። «መሰረትም ብትሆን ትናገረው ነበር» አለችኝ። ከዚያ እጇን አቆመች።

«እንጨት ጨምሪ ስልሽ ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን ከእሳቱ ዳር አላነሳሽኝም?»

«ባነሳሽ ኖሮ ለምን ብለሽ ትጠይቂኝ ነበር» አልኳት።

ፊቷ ላይ ቁጣ አላየሁም። ቁጣ ባይ ይሻለኝ ነበር።

«እጠይቅሽ ነበር» አለች። ወደ ቡላው ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ሰሞን ተነጋግረን አናውቅም። ገበያ እንውላለን። ፋጡማ እንደ ድሮዋ መቀለድ ጀምራለች፤ አክስቴም አንዳንዴ ትመልስላታለች። እኔ ያን ዕለት ወንዶቹ ፊት በመናገሬ ተጸጽቼ አላውቅም። ልጇን በእጇ ቀብራለች። ባልናገር ኖሮ አሁን ምን ዓይነት ሴት ትሆን እንደነበር ማሰብ ያስፈራኛል። ግን ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ የማገዶ እንጨት ያቀበልኳት እኔው ነኝ፤ ያንንም ማንም አይፍቅልኝም።

ሙቀቱ አሁንም ይመጣባታል። ሲመጣባት ነጠላዋን ትጥልና እስኪያልፍላት ድረስ ዝም ብላ ትቀመጣለች። እኔም ከጎኗ ሆኜ ወዴት ማየት እንዳለብኝ አላውቅም።